የፍየሎቹ ድርሻ

ለአንድ ሰው ማብሰል የሚባለው ነገር ብዙ አስቸግሮኛል። እጄ የሠለጠነው ከከተማ ውጭ፣ ቁረይሻ በሚባለው የእርሻ አገር ነው። ባሌ በሕይወት ሳለ እዚያ በየዓመቱ ማሽላ ይዘራ ነበር፤ አጨዳ ሲደርስ ለሠራተኞቹ ትልቁን ድስት የምጥደው እኔ ነበርኩ። እሱ ሞተ። ልጆቼም ጦርነቱ ሲመጣ አንዱ ካይሮ፣ አንዷ ካምፓላ ገቡ። እኔ እዚሁ ገዳሪፍ ከተማ ቀረሁ። እጄ ግን ሰዉ መሄዱን አልሰማም፤ ሽንኩርት ስከትፍ ዝም ካልኩት ለአጫጆቹ ሁሉ ይከትፋል።

የተረፈው ደግሞ መድረሻ የለውም። መብራት እየመጣ እየሄደ ፍሪጁ የዕቃ ቁም ሣጥን ሆኗል፤ በዚህ ሙቀት ጠዋት የተሠራ ወጥ ማታ ላይ ይኮመጥጣል። መጣል አይሆንልኝም። እናቴ ድንበር ተሻግራ ወደዚህ አገር የገባችው ረኃብ አባርሯት ነው፤ በእሷ ቤት መሬት የወደቀ ቁራሽ ተነሥቶ፣ ተስሞ ነበር የሚቀመጠው። ስለዚህ ኮምጠጥ ቢልም የትናንቱን ዛሬ እየበላሁ፣ የዛሬውን ለነገ እያሳደርኩ፣ ትኩስ ምግብ ቤቴ ውስጥ እያለ ትኩስ ሳልበላ እከርም ነበር።

በሬን የሚያንኳኳ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ሁለት ቤት አልፎ የሚኖሩት ሐጃ። እሳቸውም ከመተማ በኩል የመጡ፣ በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ፣ እንደኔው ብቻቸውን የቀሩ ሴት ናቸው። ከሰዓት በኋላ፣ የዐስር ሶላት ሲያበቃ፣ ትንሽ ሳፋ ይዘው ይመጣሉ።

«ሰላም ነው አንቺ ልጅ? ለፍየሎቹ የሚሆን ተርፎሻል?»

«ሞልቷል ሐጃ፣ ይግቡ እንጂ።»

«አልገባም፣ እነሱ ይጠብቁኛል።»

በእኛ ሰፈር የማን ፍየል የማን እንደሆነች አይታወቅም፤ ቀኑን ሙሉ መንገድ ለመንገድ ይዞራሉ። ሐጃ ዳቦውንም፣ እንጀራውንም፣ ቀይ ወጥ የነካውንም ሳይመርጡ ይወስዳሉ። አንድ ቀን «በርበሬ አለበት እኮ» ብላቸው «ማዕሌሽ፣ ግድ የለም፣ ለምደዋል» አሉኝ። «የአንቱ ፍየሎች እኮ ሐበሻ ሆኑ!» አልኳቸው፤ ጥርስ በሌለው አፋቸው ሳቁ። ደጃፉ ላይ ቆመን ስለ ማሽላ ዋጋ፣ ስለ ውኃ ጋሪው መቅረት፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም እናወራለን። ያችን ጊዜ ቀኑን ሙሉ እጠብቃት ነበር። ሌላ የምጠብቀው ነገር አልነበረኝም።

ልጄ ግን ከካምፓላ በስልክ ትቆጣኛለች። «እማዬ፣ ለማን ነው እንዲህ የምትሠሪው? ከሰሉ እንኳን አያሳዝንሽም?» እኔ ደግሞ እንዲህ ሲሉኝ እልኸኛ ነኝ፤ ላሳይሽ አልኩ። ትልቁን ድስት ከአልጋ ሥር አስገባሁት። ምስሩን በሻይ ብርጭቆ መስፈር ጀመርኩ። ቲማቲም እዚህ በመደብ ነው የሚሸጠው፤ ብቸኛ ሰው አለ ብሎ መደቡን የሚከፍል ነጋዴ የለም። የተረፈኝን ሰንጥቄ ጣሪያ ላይ አደርቀዋለሁ፤ ባሚያውንም እንደ አገሩ ሴቶች አድርቄ እወቅጠዋለሁ። ጎመኑን እርጥብ ኬሻ ጠቅልዬ ከውኃው ጋን ሥር አኖረዋለሁ። እንጀራው ሳይሻግት ድርቆሽ ይሆናል። ትንሽ ጊዜ ፈጀብኝ እንጂ ተሳካልኝ፤ ድስቱ ለአንድ ሰው በልክ ወጣ። በመጨረሻዋ ቁራሽ ዙሪያውን ጠርጌው፣ ባዶውን የማሳየው ሰው ፈለግሁ። ማንም አልነበረም።

ስለዚህ ሐጃ ሲመጡ ለእሳቸው ፎከርኩ። «ዛሬ የለም ሐጃ! ፍርፋሪ እንኳን አልተረፈኝም!»

«ማሻአላህ» አሉ። ሳፋቸውን ወደ ጎናቸው መለስ አደረጉት።

በማግሥቱም የለም አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ መምጣት አቆሙ። ዐስር ይሰገዳል፣ ጆሮዬ በሩ ላይ ይሆናል፣ ፀሐይዋ ትገባለች። ተቀየምኳቸው። ለካ የሚመጡት ለትርፍራፊው ኖሯል፣ እኔ ማ ነኝ ብዬ ብቻዬን ጮክ ብዬ ተሳደብኩ። ቁጣዬ ሲወጣልኝ ግን ብቸኝነቱ ባሰ። በመጨረሻ ኩራቴን ዋጥ አድርጌ፣ ለፍየሎቹ ብዬ አንድ ከረጢት ድርቆሽ ይዤ ሄድኩ።

በራቸው ክፍት ስለነበር እየተጣራሁ ገባሁ። ግቢው ተጠርጎ ንጹሕ ነው። የፍየል በጠጥ አይታይም፤ የመኖ ገንዳው ተገልብጦ ልብስ ተሰጥቶበታል። ሐጃ ዳሱ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ፊታቸው ትሪ ላይ የኔው እንጀራ፣ ከሳምንት በፊት የሰጠኋቸው ቁርጥራጭ፣ ደርቆ በውኃ ርሷል። ጨው ነስንሰውበት እየበሉ ነበር። ሲያዩኝ በተከናነቡት ቶብ ጫፍ ሸፈኑት።

«ፍየሎቹስ?» አልኩ፣ አፌ ቀድሞኝ።

«ወጥተዋል። ማታ ይገባሉ» አሉ መሬት መሬት እያዩ።

በርበሬ ለምደዋል ያሉኝ ስለ ማን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። እንባዬ መጣ፤ አቧራው ነው ብዬ ዐይኔን አሸሁ። «ሐጃ፣ ከነገ ጀምሮ ምሳ እኔ ጋ ይብሉ። ብቻዬን መብላት ሰልችቶኛል» አልኳቸው። እውነቴን ነበር።

«እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ምን ጎደለብኝ!» ድምፃቸው ጠንከር አለ። ከዚያ ቀስ ብለው «ለፍየሎቹ ከተረፈሽ ግን እመጣለሁ» አሉ።

እንዲያ ተስማማን። አሁን ለሁለት ሰው አበስላለሁ፤ በርበሬውን ቀንሼዋለሁ። ከመብላቴ በፊት የእሳቸውን አወጣለሁ። ደህናውን እንጀራ ተርፎ የመጣ እንዲመስል እቆራርጠዋለሁ፤ ዳርና ዳሩን ወጥ አስነካዋለሁ። ከዚያ እስኪቀዘቅዝ እጠብቃለሁ፤ ለፍየል ትኩስ የሚሰጥ ሰው የለምና። ትኩሱን ብሰጣቸው ያውቁብኛል፤ ካወቁብኝ ደግሞ ተመልሰው አይመጡም።

ሐጃ ይመጣሉ፣ ሳፋቸውን ይቀበሉኛል፣ ስለ ጉልበታቸው እናወራለን፣ ይሄዳሉ። በሩን ዘግቼ ከሰሉ ላይ ያቆየሁትን ድስት እከፍታለሁ። ሁለት ቤት አልፎ እሳቸውም ይህን ሰዓት መብላት ጀምረዋል፤ ካንዱ ድስት፣ ለየብቻችን። የእኔው ገና ትኩስ ነው።