ከሞራው በስተጀርባ

ጋሽ መቀስ የሚለውን ስም ማን እንዳወጣለት አይታወቅም። ገሚሱ ለእጁ ነው ይላል፣ ገሚሱ ለምላሱ። ፀጉር ሲያስተካክል ወሬው መቀሱን ይቀድመው ነበር፤ ደንበኛው ከወንበሩ የሚነሣው የሰፈሩን ጉድ ሁሉ ጠግቦ ነው። አንድ ዓይኑን በወጣትነቱ በአደጋ አጥቶ፣ በቀረው ሲሠራ ኖረ። ያንንም ሞራ ጋረደው። ነገ ዛሬ ሲል ሞራው እንደ ወተት ነጣ፣ ፀጉር ቤቱ ተዘጋ፣ እሱም መንጋት መምሸቱን በሰው አፍ መስማት ጀመረ።

ሐኪሙ በመብራት ቢያየው ነጭ ግድግዳ ሆነበት።

“ሞራውን ማውጣት አይከብድም” አለ። “የሚያሳስበኝ ከኋላው ያለው ሬቲና ነው። ብርሃን የሚቀበለው እሱ ነው። ሞቶ ከሆነ በከንቱ አላደክምዎትም። በሕይወት ካለ ግን ብርሃን ሲነካው ጥቂት ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ እሱን እንለካለን።”

“እንዲያማ ከሆነ መብራት ሲጠፋ ጎረቤቱ ሁሉ በእኔ ይጠቀማል!” ብሎ ጋሽ መቀስ ሳቀ። ይህ ዓይን ለብርሃን መልስ ካልሰጠ ግን ሌላ የለውም።

የምርመራ ክፍሉ ባለሙያ ዓይኑን በጠብታ አደነዘዘች፤ ከታችኛው የዓይን ቆቡ ሥር እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ አጋደመች። ጨለማ ውስጥ ብዙ አስቀመጠችው። ከዚያ ብርሃኑ ብልጭ ሲል በመሣሪያው ላይ ያለው መስመር እንደ ሰካራም ተንገዳገደ።

“አባባ፣ መንጋጋዎ እየሠራ ነው። የእሱ ጡንቻም ኤሌክትሪክ አለው። የዓይንዎ ድምፅ እንደ ትንኝ፣ የመንጋጋዎ እንደ ከበሮ ነው።”

“ምን ተናገርኩና?”

“ይኸው አሁን!”

“አይ ልጄ” አለች ሚስቱ ከጥግ፣ “እኔ ዕድሜ ልኬን ያቃተኝን ነው የያዝሽው።”

ከንፈሩን ገጠመ። መስመሩ ያው ሆነ።

“አሁን ደግሞ ጥርስዎን ነክሰዋል” አለች ባለሙያዋ። “እንዲህ ከሆነ ዓይንዎ ይመልስ አይመልስ ማወቅ አልችልም። ሐኪሙም ሳያውቅ አይነካዎትም።”

ፍርሃት እንደሆነ ገባው። ምላጭ ጉሮሮው ላይ ሲያርፍ ጥርሱን የሚነክስ ስንት ደንበኛ ነበረው! “እንደ ተኛ ሰው አፍህን ልቀቀው” ይላቸው ነበር። ራሱን እንደ ደንበኛ አሰበ። አገጩን ለቀቀ፣ ትከሻውን ጣለ፣ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

ብልጭ።

እንደገና ብልጭ። ባለሙያዋ ወንበሯን ወደ መሣሪያው ስትጎትት ሰማ። ምነው ዝም አለች? ሊጠይቅ አማረው፤ ምላሱን ግን አላንቀሳቀሰም። ሦስተኛው ብልጭታ መጣ።

“መለሰ!” ብላ ጮኸች። “አባባ፣ መለሰ! መስመሩ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ ከዚያ እንደ ተራራ ሽቅብ! ሦስቱም ጊዜ አንድ ዓይነት ነው!”

“ሕያው ነው?”

“ሕያው ነው! ይኼን ያህል ጊዜ ተዘግቶበት አልተኛም!”

ሚስቱ በጨለማው ስትሮጥ የሆነ ነገር ገለበጠች፤ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። እሱም አለቀሰ፤ ሽቦው ይበላሻል ብሎ ማንም አልተቆጣው።

ሞራው ወጣ። በማግስቱ ሐኪሙ ፋሻውን ሲያነሣለት ጋሽ መቀስ ጥቂት ጊዜ ዓይኑን አርገበገበ፤ ከዚያ የሐኪሙን ጭንቅላት ትክ ብሎ አየ።

“ዶክተር፣ አትቀየመኝ። ይኼን ፀጉር ማነው እንዲህ የጨፈጨፈው?”

ሐኪሙ ራሱን ዳበሰ። “ባለቤቴ ናት።”

“እንግዲያው ምንም አላልኩም” አለ ጋሽ መቀስ። “ዓይኔ ሲበረታ ፀጉር ቤቴ ና፤ ለእሷ ግን እንዳትነግራት።”