ተጋጣሚዬን ያጎረሰችው አክስቴ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው የፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ ዕለት፣ እዚሁ ናይሮቢ ውስጥ ነው። «የደረሰብኝ» ማለቴም ልክ አይደለም። የደረሰው በሌላ ሰው ላይ ነው፤ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ አይ ነበር። እስካሁን ከአእምሮዬ ያልወጣውም ለዚህ ይመስለኛል።

የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። የምኖረው ኪሌሌሽዋ ውስጥ ምግብ ቤት ካላት አክስቴ ጋር ነው። ትምህርት እንደጀመርኩ ስኳሽ መጫወት ጀመርኩ። ለማያውቀው ሰው፣ ስኳሽ ሁለት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተዘግቶባቸው ትንሽ የጎማ ኳስ በራኬት እየተፈራረቁ ከግድግዳ ጋር የሚያላትሙበት ጨዋታ ነው። ለአክስቴ ይህንኑ ሳስረዳት «እናትህ እዚህ ድረስ የላከችህ ለዚህ ነው?» አለችኝ።

እኔ ግን የታዘዝኩትን አብዝቼ የምሠራ ሰው ነኝ። አሠልጣኛችን፣ ሁላችንም «ኮች» የምንላት ቀጭን ቁጡ ሴት፣ «በቀን ሁለት መቶ ኳስ ምታ» ካለችኝ ሁለት መቶ ሃምሳ እመታለሁ። ያለ ኳስ የሚሠራ ልምምድም አለ። ኳሷ እንዳለች እያሰቡ ወደ አራቱም ማዕዘን መሮጥ፣ ጎንበስ ብሎ መምታት፣ ወደ መሐል መመለስ ነው። ይህን ጠዋት ጠዋት ምግብ ቤቱ ሳይከፈት በጠረጴዛዎቹ መካከል እሠራው ነበር። አንድ ቀን አክስቴ በር ላይ ቆማ አየችኝና አማተበች። በማግስቱ ጸበል በውኃ ፕላስቲክ አመጣችልኝ። ጠጣሁት። አልጎዳኝም፤ በግራ በኩል የሚመጣውን ኳስ ግን አሁንም እስተዋለሁ።

ችግሬ ብራያን ነበር። ብራያን ከኪሱሙ የመጣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነው። በቡድናችን የደረጃ ሰሌዳ ላይ እሱ አምስተኛ፣ እኔ ስድስተኛ ነኝ። ሞምባሳ ለሚደረገው ውድድር የሚሄዱት ደግሞ አምስት ናቸው። ሦስት ጊዜ ገጥሜው ሦስቱንም ጊዜ አንድ ዙር እንኳ ሳላገኝ ተሸንፌያለሁ። የዚያን ሰኞ ካሸነፍኩት ቦታውን እወስዳለሁ፤ ካላሸነፍኩት ቀረሁ። እኔ ደግሞ አስቀድሜ ለእናቴ «ሞምባሳ ልሄድ ነው» ብያታለሁ። እሷም ለጎረቤት ነግራለች።

ብራያን ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ግጥሚያው ፓርክላንድስ ሰፈር ስለሆነ «የወንድሜን መኪና ይዣለሁ፣ በእናንተ በኩል ሳልፍ ላንሣህ» ብሎ ደወለልኝ። ጨዋታው ለአሥር ሰዓት ነው። እሱ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ከች አለ።

አክስቴ ያን ሁሉ ጾም ጾማ ገና ከአንድ ቀን በፊት የገደፈች ሴት ናት። በፋሲካ ሰሞን ቤቷ የመጣ እንግዳ ሳይበላ ቢወጣ የምትሞት ይመስላታል። «ማነው?» አለችኝ። «ጓደኛዬ ነው» አልኳት። ተጋጣሚዬ ነው፣ ትንሽ ቆይተን ልንጫወት ነው ማለት እችል ነበር። አላልኩም። በዚያች ደቂቃ ክፋት አላሰብኩም፤ ክፋቱ የመጣው ቀስ ብሎ ነው።

ዶሮ ወጡ ቀረበ። ለክብር እንግዳ የሚሰጠው ፈረሰኛ ብራያን ፊት ዐረፈ። ብራያን አያቱ ያሳደጉት ልጅ ነው፤ የቀረበለትን ጥርግ አድርጎ መብላት ጨዋነት ይመስለዋል። እኛ ዘንድ ደግሞ ፊቱ ያለው ምግብ ያለቀበት እንግዳ ያልጠገበ እንግዳ ነው። እሱ በጨዋነት ይጨርሳል፣ እሷ በጨዋነት ትጨምራለች።

«ይሄ ልጅ ርቦታል!» አለችኝ አክስቴ በአማርኛ። «ምን ዓይነት ትምህርት ቤት ነው እናንተ ያላችሁበት?»

«አሳንቴ ማማ፣ ኒሜሺባ» አለ ብራያን በስዋሂሊ፣ ሆዱን በእጁ እየደባበሰ። ጠገብኩ ማለቱን አክስቴ በደንብ ገብቷታል። ግን የመጀመሪያውን «ጠገብኩ» የሚያምን ማን አለ?

«ኩላ ባባ፣ ኩላ! ብላ እንጂ፣ ገና ምን በላህና!» ብላ ጥብሱን ከነምጣዱ ገለበጠችለት። ጥብሱም አለቀ። ከዚያ ወደ ጉርሻ ተሸጋገረች። አንድ ጉርሻ ያጣላል ብላ ሁለተኛውን ሰጠችው። ሦስተኛውን የሰጠችው ያለ ምንም ምክንያት ነው።

ብራያን ግንባሩ ላብ አውጥቶ ወደ እኔ ዞረ። «ናቲ፣ ሳላስቀይማት እንዴት ነው የማቆመው?» አለኝ በእንግሊዝኛ፣ በሹክሹክታ።

መልሱን አውቀዋለሁ። ትንሽ አስተርፎ፣ እጅን ሰብስቦ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ መነሣት ነው። የእኛ ሰፈር ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል።

«እንጃ» አልኩት። «ብቻ አክስቴ እንዳትቀየም።»

እኔ «ሆዴን አሞኛል» ብዬ የበላሁት አንድ ሙዝ ነው።

ጨዋታው ላይ ስለሆነው ብዙ ማለት አያስፈልግም። ብራያን መሐሉ ላይ እንደ ምሰሶ ቆመ። ከፊት ለፊት አጭር ኳስ ሳወርድለት ጎንበስ ይልና ሐሳቡን ይቀይራል። በሁለተኛው ዙር የክፍሉን የመስተዋት በር ተደግፎ ዓይኑን ጨፈነ። በሦስተኛው «አንድ ጊዜ» ብሎ ወደ መጸዳጃ ቤት ሮጠ፤ በዚያን ቀን በፍጥነት ሲሮጥ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ሦስት ለዜሮ አሸነፍኩ።

«ምንድን ነው የበላኸው አንተ?» አለችው ኮች።

«ሁሉንም» አላት።

ስሜ አምስተኛ ቦታ ላይ ተጻፈ። ሲመልሰኝ መኪና ውስጥ ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን «ከቤት ከወጣሁ እንደዚህ ያበላኝ ሰው የለም። አክስትህን አመስግንልኝ» አለኝ። በቃኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ሄጄ ለኮች ሁሉንም ተናዘዝኩ። ኅሊናዬ ወቅሶኝ ነው ብል ደስ ይለኛል፤ ግማሹ ግን ይታወቅብኛል የሚል ፍርሃት ነው። ኮች መጀመሪያ ተንከትክታ ሳቀች። ከዚያ ኮስተር ብላ «ደንባችን ስለ ዶሮ የሚለው ነገር የለም፤ ያሸነፍከው አይሰረዝም። ግን ሞምባሳ ድረስ አክስትህን ይዘህ ትሄዳለህ?» አለችኝ።

ብራያንን ፈልጌ ለእሱም ነገርኩትና እንደገና እንድንጋጠም ጠየቅሁት። «አስተርፎ መነሣት ብቻ?» አለኝ። «ያ ብቻ ነበር?»

«ያ ብቻ።»

«አንተ ሰይጣን ነህ» አለኝ። ሲስቅ ግን አየሁት።

ሐሙስ ዕለት፣ ሁለታችንም ባዶ ሆዳችንን፣ ገጠምን። ሦስት ለአንድ አሸነፈኝ። ያቺን አንድ ዙር በአሥራ አንድ ለዘጠኝ ስወስዳት ኮች ከውጭ መስተዋቱን በመዳፏ መታችው፤ ለእኔ እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ቢሆንም ሞምባሳ የሄደው ብራያን ነው።

ለእናቴ ውድድሩ ለሌላ ጊዜ ተላለፈ አልኳት። ይህን ደግሞ ገና አልተናዘዝኩም። አክስቴ ግን እውነቱን ስነግራት በተቀመጠችበት ጭኗን መታች። ያታለልኩት እንግዳ አሳዝኗት መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ።

«እኔ በአንድ ቀን ወጥ ያሸነፍኩልህን ሄደህ በእጅህ መለስክለት?» አለችኝ።

ብራያን ሞምባሳ ላይ በመጀመሪያው ግጥሚያ ሦስት ለዜሮ ተሸንፎ ተመለሰ። ወሬውን ስሰማ ደስ አለኝ፣ ከዚያ አፈርኩ፤ በዚሁ ቅደም ተከተል። ኀፍረቱ አሁንም አለ። ደስታውም፣ ልዋሽ አልችልም፣ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል።