ሠራተኛ የሌለባት ከተማ

በደርግ ጊዜ ቆቦ ውስጥ ሠራተኛ የሚባል ፍጡር አልነበረም። ሁሉም ልጅ ነው። ወፍጮ ቤት ገብቼ፣ ዱቄት ለብሶ የቆመውን ጎረምሳ እያሳየሁ «ይሄ ሠራተኛዎት የዕረፍት ቀን አለው?» ስል ባለወፍጮው ደረታቸውን ነፋ አድርገው «የምን ሠራተኛ? የእህቴ ልጅ ነው» ይላሉ። ዳቦ ቤት ስሄድ «እኔው ነኝ ያሳደግኩት» ይሉኛል። የአውራጃው ቢሮ የመደበኝ አሠሪዎች የሠራተኛ አዋጁን አውቀው እንዲያከብሩት እንድረዳቸው ነበር። ማንን ልርዳ? አገሩ በሙሉ ዘመዳሞች ናቸው።

እኔም የዋዛ አልነበርኩም። ከኮርስ ገና መውጣቴ ነው፤ አዋጁን ብብቴ ውስጥ ሸጉጬ በዚያ የራያ ፀሐይ ከበር በር እዞራለሁ። ቁጡ ነበርኩ፤ ሲስቁብኝ ደግሞ ይብስብኛል።

ከሁሉም በላይ ያንጨረጨሩኝ አስፋልቱ ዳር ምግብ ቤት የነበራቸው ሴትዮ ናቸው። ከተማው ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው። ወጥ ሠሪያቸው ከሮቢት ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች፣ እናትና አባቷን በድርቁ የቀበረች ወጣት ነች። ባሏን ለብሔራዊ ውትድርና ከወሰዱት ወራት አልፈዋል። እርጉዝ ነች፤ ሆዷ ገፍቶ ምድጃው ፊት መቆም አቅቷታል። ጓዳው በር ላይ ደግሞ አንዲት አዲስ ልጅ ቁጭ ብላ ሽንኩርት ትልጣለች። ያቺ ልጅ ለምን እንደመጣች እኔም አውቄያለሁ፣ ወጥ ሠሪዋም አውቃለች። ወልዳ እስክትነሳ ቦታዋ አይጠብቃትም፤ ሌላ መግቢያ ደግሞ የላትም።

«በአዋጁ መሠረት የወሊድ ፈቃድ ከነደሞዟ ይገባታል፤ ሥራዋም ይቆያታል» አልኳቸው።

«ጓድ» አሉኝ እትዬ። ሊያሾፉብኝ ሲፈልጉ ጓድ ነበር የሚሉኝ። «ለመሆኑ ወልደሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ስለ ወሊድ እኔን ልትመክሪኝ ነው? ይቺ ልጄ እንጂ ሠራተኛዬ አይደለችም። በእናትና በልጅ መሀል አዋጅ አይገባም። ሂጂ፣ ፋብሪካ ፈልጊ።»

ፋብሪካ፣ ያውም በቆቦ! ቁርስ ላይ የነበረው ሹፌር ሁሉ ሳቀብኝ። የሚያናድደው ደግሞ አነጋገራቸው ከአዋጁ አለመውጣቱ ነው፤ የቤተሰብ ሰው ከሆነች የእኔ እጅ አይደርስም። ወጥ ሠሪዋ አንገቷን ደፍታ ማማሰሏን ቀጠለች።

ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ ይበሉ ነበር። ከቆላው ቅቤ እያመጡ ለእትዬ የሚያስረክቡ ሙስሊም ነጋዴ ናቸው። እጃቸውን ከገበታው ሳያነሱ «ልጅሽ ከሆነችማ አልሐምዱሊላህ» አሉ። «የበኩሯ ነው አይደል? በእናንተም በእኛም ወጉ አንድ ነው፤ የበኩር ልጅ የሚወለደው እናት ቤት ነው። እንግዲህ ለገንፎው ቅቤ ጨምሬ ላምጣ?»

እትዬ ወደ ሹፌሮቹ ዞር አሉ። ያን ሁሉ ሹፌር ፊት «አይ፣ ልጄስ አይደለችም» እንዴት ይበሉ? ወሬው ከጭነቱ ጋር ማታውኑ ደሴ ይገባል። «ምን ጥያቄ አለው!» አሉ በመጨረሻ። «ከእናቷ ቤት ሌላ የት ልትወልድ ኖሯል?»

እሳቸው መኝታ ቤት ወለደች፤ ሴት ልጅ። እውነቱን ለመናገር እትዬ አንድም ነገር አላጎደሉም። ገንፎውን ራሳቸው ያገነፋሉ፣ አጥሚቱን ራሳቸው ያጠጣሉ፣ ሹፌሮቹን «ሬዲዮኑን ቀንሱ፣ አራስ አለች» ይላሉ። እኔም ለቁጥጥር ነው እያልኩ በየጊዜው ብቅ እላለሁ፤ የተቆጣጠርኩት ግን ገንፎውን ነው። ሽንኩርት ላጯ ወጡን ስታሳርር፣ ደንበኛ ሲያጉረመርም፣ እትዬ በስተርጅና ወደ ምድጃው ተመለሱ።

አንድ ቀን ዓይናቸው በጭስ ቀልቶ «ያ አዋጅሽ ለአራስ ስንት ቀን ነበር የሚለው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ እናት ቤት የታረሰች ደግሞ ከዚያ በፊት ምድጃ አትቀርብም። የአዋጁ ፈቃድ የዚያን ግማሽ ትንሽ ቢያልፍ ነው።

«አንቺ! ይሄን ቀድመሽ አትነግሪኝም ነበር?»

«መቼ ሰሙኝ? አዋጅ አይገባም አሉኝ እንጂ።»

ክርስትናው ባለፈ ሰሞን ቢሮዬ ድረስ መጡ። «ሠራተኛ ናት ብለሽ ጻፊልኝ፤ እናትነቱን አልቻልኩትም» አሉ። በቆቦ ታሪክ ሠራተኛ አለኝ ያሉ የመጀመሪያዋ አሠሪ! እየበረርኩ ውሉን ይዤ ሄድኩ። እትዬ ሕፃኗን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ወጥ ሠሪዋን «አንቺስ ምን ትያለሽ? ሠራተኛ ልበልሽ፣ ወይስ ልጅ ሆነሽ ትቀጥያለሽ?» አልኳት። እስከዚያ ቀን ማናችንም አልጠየቅናትም ነበር።

«ሠራተኛ» አለች ወዲያው።

እትዬ የለመኑት ይህንኑ ነበር፤ ፊታቸው ግን ጠቆረ። «ምን አጎደልኩብሽ?» አሉ።

«ኧረ ምንም አላጎደሉብኝ፣ እትዬ። ልጅ ከሆንኩ ግን የተቆጡኝ ቀን መሄጃ የለኝም። ሠራተኛ ከሆንኩ በደሞዜ ቤት ተከራይቼ፣ ማታ ልጄን አዝዬ ቤቴ እገባለሁ። እሁድ ዕረፍትሽ ነው ብላኛለች እሷ» አለች ወደ እኔ በአገጯ እያመለከተች። «እሁድ እሁድ ልጠይቅዎት እመጣለሁ። ያን ቀን ልጅዎት ነኝ።»

አንጀቴን በላችው። እትዬ ሕፃኗን ለእኔ አቀበሉኝና ውሉ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ሽንኩርት ላጯንም አብሬ ጻፍኳት።

በመጀመሪያው እሁድ እኔም ሄድኩ፤ ለቁጥጥር። ወጥ ሠሪዋ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ልጇን አዝላ መጣች። ሽንኩርት ላጯም ዕረፍት ስለወጣች ጓዳው ባዶ ነው። ገና አረፍ ከማለቷ እትዬ በልማድ «እስቲ ያን ሽንኩርት» ብለው ቢላዋውን ዘረጉላት። እኔ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። እትዬ እኔን አዩ፣ እሷን አዩ፤ ከዚያ ቢላዋውን አምጥተው እጄ ላይ አስቀመጡት።

«አንቺ ክተፊ» አሉኝ። «አንቺ እንደሆንሽ ውል የለሽም፤ ልጄ ነሽ።»