አምስት ጊዜ ውሃ

«ላፕቶፑ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የጻፈው! አምስት ጊዜ ይደግማል አላልከኝም?»

«ይደግማል። የሆነ ቦታ ተሳስቻለሁ።»

«ሳምንቱን ሙሉ? ቆይ፣ መሞከሪያ ብለህ ያስገባኸው ቃል ምንድን ነው? ‹ጽልመት›! አባባ ውሃ ማለት አቅቶት አንተ ጽልመት ልታስብለው ነው፣ ገጣሚው?»

ታላቅ እህቴ ናት። አባባ ወንበሩ ላይ ሆኖ ሁለታችንንም ያያል። ቴፒ፣ ቡና እርሻ ላይ ካቦ ሆኖ ሠራተኛ ሲያዝ የኖረ፤ ስትሮክ ከመታው ወዲህ ግን ሁለት ወር ሙሉ ቃል አልወጣውም። አማን ከተማ ያለችው ጤና ባለሙያ «ቀላል ቃል ተጽፎ ደጋግሞ ይይ፣ አብሮም ይሞክር» አለችን። እኔም ስክሪን ላይ የትእዛዝ ብሎክ እየገጣጠሙ ፕሮግራም መሥራትን በተዋስኩት ላፕቶፕ ለብቻዬ ተማርኩ።

ብሎኮቹን ከላይ ወደ ታች አንድ በአንድ አየኋቸው። «ጽሑፉን ባዶ አድርግ» የሚለው «አምስት ጊዜ ድገም» ከሚለው ሆድ ውስጥ ገብቷል። በየዙሩ የጻፈውን ራሱ ያጠፋል፤ የሚተርፈው የመጨረሻው ብቻ ነው። ጎትቼ አወጣሁትና ከላይ ሰካሁት፤ ‹ጽልመት›ንም በ‹ውሃ› ቀየርኩት።

ውሃ ውሃ ውሃ ውሃ ውሃ

እህቴ ላፕቶፑን ነጥቃኝ አባባ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው። «በል አባባ፣ ውሃ በል።»

ጽሑፉ ላይ አጎነበሰ። ከዚያ ተናገረ። አንድ ቃል አልነበረም፤ ረጅም ነበር፣ በአፍ መፍቻው በቤንችኛ።

ትምህርት ቤት እንዳይሳቅብን ብሎ በአማርኛ ብቻ ያሳደገን እሱ ነው። ሟች እናታችን የከፋ ብሔር ተወላጅ ስለነበረች እርስ በርስም የሚያወሩት በአማርኛ ነበር። እኔ ከቤንችኛ ያለኝ ሰላምታና ገበያ ዋጋ መጠየቂያ ነው። እህቴም ከእኔ አትሻልም።

«ምን አለ?»

«እኔንጃ።»

«አባባ፣ እስቲ ድገመው!»

ደገመው። ለሕፃን እንደሚነገር፣ ቀስ ብሎ። አንዲት ቃል እንኳ አልያዝኩም። የእህቴን ፊት አየ፤ የእኔን አየ። ላፕቶፑን በደህና እጁ አንስቶ አልጋው ላይ አኖረው። ከዘራውን ላቀብለው ብጎነበስ በክርኑ ገፋኝና ራሱ አነሳው።

ቀኝ እግሩን እየጎተተ ወጣ። በሩን ከውጭ ራሱ ዘጋው።