ሳን ሆዜ ላይ ያልተወረወረችው ልጄ

ይህ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ ኦክላንድ ሳለን ነው። ያን ቀን ዝም ብዬ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ስለማስብ እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ልጄ ሜሮን አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፤ የትምህርት ቤቷ ተጫዋቾችን በጭፈራ የሚያበረታታ የቺርሊዲንግ ቡድን አባል ነች። እኔ መጀመሪያ ጭፈራ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ አንዷን ልጅ ሽቅብ ወርውረው፣ ተሽከርክራ ስትወርድ ሦስቱ ይቀልቧታል። ቀላል ስለሆነች የምትወረወረው የኔዋ ናት።

ሳን ሆዜ ለውድድር ሊሄዱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ከልምምድ ልወስዳት ሄድኩ። መታጠቢያ ቤት ስገባ ኬይላ የምትባል ጓደኛዋ እጇን ቀዝቃዛ ውሃ ስር ይዛ ታለቅሳለች። ከኋላ ሆና የሜሮንን ጭንቅላትና ትከሻ የምትቀልበው እሷ ናት። የእጇ አንጓ አብጧል። ሆስፒታል የአጥንት ክፍል ስለምሠራ እንዲህ ያለውን እብጠት አውቀዋለሁ።

«ለኮች እንዳትነግሪብኝ» ብላ ለመነችኝ።

ሜሮንም ተከትላኝ ገብታ ኖሮ «ማሚ፣ ፕሊስ! ስንት ወር ለፍተናል!» አለች።

«በየትኛው እጇ ልትቀልብሽ ነው?» አልኳት።

ወጥቼ ትንሽ አመነታሁ። እንግሊዝኛዬ ይሰባበራል። ደግሞ የልጆቹን ልፋት ላበላሽ ነው። ግን አላስቻለኝም፤ ሄጄ ለአሠልጣኟ ነገርኳት።

ትቆጣኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ኬይላን ጠርታ እጇን አየችና መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«ውርወራው ከቀረ ብዙ ነጥብ እናጣለን» አለች።

«ልጄ በልምምድ ላይ ወድቃ ታውቃለች?» አልኳት።

«በዚህ ሳምንት ሁለቴ። ግን ወፍራም ፍራሽ ላይ ነው።» አለችኝ። ከዚያ እርሳስ አውጥታ ውርወራውን የትርኢቱን ቅደም ተከተል ከጻፈችበት ወረቀት ላይ ሰረዘችው። በምትኩ ሜሮንን እስከ ትከሻቸው ብቻ እንዲያነሷት ወሰነች፤ ከኋላም ሌላ ጠንካራ ልጅ አቆመች።

ኬይላ ሐኪም ቤት ስትሄድ አጥንቷ ተሰንጥቆ ተገኘ፤ በጀሶ ታሰረላት። ሜሮን ግን አኮረፈች። ሁለት ቀን ሙሉ አላናገረችኝም።

የውድድሩ ቀን ልጄን ሲያነሷት አንዷን ተሸካሚ እግሯን አዳለጣት። ሜሮን በጀርባዋ ወደ ኋላ ስታዘነብል ዓይኔ እያየ ነው። ከኋላ የቆመችው ልጅ በብብቷ ሥር ለቀም አድርጋ ያዘቻት። ሜሮን ፈገግ ብላ ቀጠለች።

ሲጨርሱ ሮጣ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

«ማሚ፣ ከላይ ቢሆን ኖሮ… ኬይላ በዚያ እጇ…» አለች።

«ተይው የኔ ልጅ፣ ይኸው በእግርሽ ቆመሻል» አልኳት።

ስንመለስ መኪና ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳት። የትራፊክ መብራት ባቆመን ቁጥር ዞር እያልኩ አያት ነበር።

ዛሬ የራሷ ልጆች አሏት። ያን ቀን ባሰብኩ ቁጥር ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ። ቡድኑ አምስተኛ ነበር የወጣው። አዳራሹ ውስጥ ግን የኔን ያህል ደስ ያለው ሰው አልነበረም።