የታንከሩ ጥላ

የግቢው ጥበቃ ጣሪያው ላይ ሲወጡ፣ ነጭ ጋዋን የለበሰችው ሴት የውሃ ታንከሩ ጥላ ያረፈበትን የባልደረባዋን ሳህን ወደ ፀሐይ ስትገፋ አዩ። «እግዜር ይስጥሽ» አሉ በልባቸው።

ሁለቱ ሳህኖች ሰማያዊ ቀለም የተበጠበጠበት ውሃ ይዘዋል፤ ከሥሩ ሁለቱ ሴቶች በየፊናቸው የሠሩት ነጭ የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ዱቄት አለ። ዱቄቱ ብርሃን ሲያገኝ ቀለሙን ያጠፋል። የዛሬው መለማመጃ ነው፤ ነገ በዚሁ ሙከራ የቀደመው ዱቄት ለትልቁ የውሃ ማጣሪያ ይመረጣል። የባልደረባዋ ውሃ ከወዲሁ ሊጠራ ተቃርቧል።

ሴትየዋ የጋዋኗን እጅጌ ጫፍ በጥርሷ ያዘች፤ ጨርቁ እዚያው ጋ ከመነከስ ብዛት ሳስቷል።

«ያንቺስ፣ ልጄ?»

«ያዩታል፣ አባባ። እኔ ዱቄቱን ስፈጭና በምድጃ ስጋግር ከርሜ፣ እሷ እንደ ቀልድ ነካክታው! ቅናት አንጀቴን በላው።»

«ታዲያ ለምን ገፋሽላት?»

«ዛሬ እጄ ታዘዘኝ፤ ነገን እንጃ። ነገ ጥላው ሲመጣ ሁለቱንም ሳህኖች እርስዎ ይግፏቸው። እኔ ስመጣ ግን፣ ብለምንዎትም የጣሪያውን በር እንዳይከፍቱልኝ።»