አባባ አሉ፣ አባባ ነበሩ

የወጣሁ ለት ማታ አባባ እራት አልበሉም። ቤታችን ከላሊበላ በላይ፣ ወደ አሸተን ማርያም መውጫው ላይ ነው። ደጅ ቆመው የከተማውን መብራት ቁልቁል እያዩ፣ "ጀርመን ከዚህም ይበርዳል አሉ፣ እውነት ነው?" አሉኝ።

"ይበርዳል አባባ" አልኳቸው፣ እኔም አይቼው ሳላውቅ።

"እንግዲያ ጋቢዬን ያዥ" ብለው ከትከሻቸው አወረዱት። አልወስድም ብል ይቆጣሉ። ወሰድኩት፤ እሳቸው በዚያ ንፋስ በሸሚዝ ብቻ ቀሩ።

ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ነበርኩ። ቱሪስት ሲጠፋ ሆቴሉ ተዘጋ፣ ጀርመን አገር ሽማግሌና አሮጊት የሚንከባከብ ሰው ይፈለጋል ሲባል ሰማሁና አመለከትኩ። የመኖሪያ ፈቃዴ የሚታደሰው ግን የቋንቋውን ፈተና ካለፍኩ ብቻ ነበር፤ ከወደቅኩ ወደ አገር መመለስ ነው። ይህን ታላቅ ወንድሜ ሲሳይም እናቴም ያውቃሉ፤ ጎረቤቱም ሳይቀር ያውቃል።

እዚህ ጀርመን ዳቦው ጥቁር ነው፤ ሲያዩት የኛን የገብስ ዳቦ ይመስልና ሲቀምሱት ይጎመዝዛል። ክረምታቸው ዝናብ ሳይሆን ጨለማ ነው። ሰዉ ሰላም ካሉት ይመልሳል፤ ቤተሰብሽ እንዴት ነው፣ ከብቱስ፣ አዝመራውስ ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

ከሁሉ የከበደኝ ጻይትፎርም የሚሉት የግስ ጊዜ ነው። "ትናንት የጀመራችሁትን ትናንት ጨርሱት!" ትለናለች መምህራችን። ዓረፍተ ነገር ከትናንት ተነስቶ ዛሬ ላይ ካረፈ ቀዩ እስክሪብቶዋ ምሕረት አያውቅም። የኛ ሰው ደግሞ ገና ጫማውን ሳያስር "መጣሁ!" ባይ ነው። አንድ ቀን የቤቱ ባለቤት፣ ጡረተኛ ሽማግሌ ናቸው፣ ከታች ሲጠሩኝ ከፎቅ ላይ ሆኜ በጀርመንኛ "መጥቻለሁ!" ብዬ ጮህኩ።

"የት ነው የመጣሽው?" አሉ ዙሪያቸውን እያዩ።

"እዚህ ላይ ነኝ፣ ጫማዬን እያደረግኩ።"

"እንግዲያው አልመጣሽም" ብለው ፈረዱብኝ። ሳቄን መያዝ አቃተኝ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

ከዚያ መምህሯ ስለ አንድ የቤተሰባችሁ ሰው ጻፉ አለችን። እኔም ስለ አባባ ጻፍኩ። አባቴ ንብ አናቢ ናቸው፣ ቀፎውን ራሳቸው ይሠራሉ፣ ማር ሲቆርጡ ንቦቹን ይቅርታ ይጠይቃሉ ብዬ። መምህሯ አነበበችና፣ "ከዳር እስከ ዳር በአሁን ጊዜ ነው፤ አንድም ቦታ አልተንሸራተትሽም" አለች። እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። ላበስር ቤት ደወልኩ።

"አባባ አሉ?" አልኩት ሲሳይን።

"አሉ፣ ክብሩ ይስፋ። አሁን ቤተ ክርስቲያን ናቸው።"

በሌላ ጊዜ ስደውል ገበያ ወርደዋል፣ በሌላው ተኝተዋል። "በርቺ እታለም፣ ፈተናውን እለፊ ብለውሻል" ይለኛል። ቅር ይለኝ ነበር። ግን ሰው አባትሽ አሉ ሲባል እንዴት ብሎ ይከራከራል?

ፈተናውን አለፍኩ። በዚያው ሳምንት እሑድ ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ወይዘሮ አልማዝ ነበሩ፣ እዚሁ ከተማ የሚኖሩ የወሎ ሰው። ከኋላቸው ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው ሰዎች ደረጃው ላይ ተደርድረዋል፤ ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። በኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ብቻዋን ላለች ሴትም አይነገርም፤ ሰው ተሰብስቦ በማለዳ ነው የሚያረዳው። ወንድሜ እነዚህን ሰዎች አፈላልጎ፣ ፈተናዋን ስትጨርስ አርዱልኝ ብሎ አደራ ሰጥቷቸው ኖሯል።

"ማን ነው?" አልኩ።

"አባትሽ ናቸው፣ ልጄ። አርባቸውም ወጥቷል።"

ጮህኩ። ሴቶቹም አብረውኝ አለቀሱ። የቤቱ ባለቤት በሌሊት ልብሳቸው ወጡ። "እሑድ ነው! ሩኸጻይት ነው፣ የጸጥታ ሰዓት!"

ወይዘሮ አልማዝ ጀርመንኛ ይችላሉ። "አባቷ ሞተውባት ነው" አሏቸው።

ሰውየው ደነገጡ። "መቼ ሞቱ?"

"ቆይተዋል።"

"ታዲያ ለምን ዛሬ ታለቅሳለች?"

ቆም ብለው አዩኝና በራቸውን ቀስ አድርገው ዘጉ።

ያን ጽሑፍ ስጽፍ አባባ ከተቀበሩ ሰንብተዋል። አገሩ ሁሉ ለቅሶ ደርሷል፣ ተዝካራቸውን በልቷል፣ ለእኔ ብቻ በሕይወት አቆይቷቸዋል። ለእኔ አዝነው እንደሆነ አውቃለሁ። ቢሆንም ሁሉ ሲያለቅስላቸው እኔ ስለ ማር መጻፌ ያንገበግበኛል፤ ይቅር ልበል ብል እንኳ እሺ አይለኝም።

ከሰዓት በኋላ፣ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሳለ፣ ሲሳይ ጋ ደወልኩ።

"አያ፣ ለምን?"

"ብነግርሽ ትመጫለሽ፤ ከመጣሽ ደግሞ መመለሻ የለሽም። እሳቸውም እንዳትነግሯት ብለው ነው ያረፉት።"

ብዙ አለቀስን። ከዚያ፣ "እማዬስ?" አልኩት።

"ደህና ናት።"

"አገናኘኝ።"

"ውሃ ወርዳለች። ስትመጣ እንደውልልሻለን።"

"አሁን አገናኘኝ።"

"እታለም፣ በማርያም፣ ደህና ናት እኮ!"

"ድምጿን ሳልሰማ አልዘጋም።"

ስልኩን እንደያዘ ወደ ውሃው ቁልቁል መሮጥ ጀመረ። ከእግሩ ሥር ድንጋይ ሲንከባለል፣ ትንፋሹ ሲቆራረጥ ይሰማኛል። "እማዬ!" ብሎ ተጣራ። መልስ የለም። ደግሞ ተጣራ። እኔም ከለቀስተኛው መሐል ተነስቼ፣ እዚያ ድረስ ድምፄ የሚሰማ ይመስል፣ አብሬው "እማዬ! እማዬ!" እያልኩ ጮህኩ።